ከደረሰኝ እስከ ሰበር ችሎት፦ ተጨማሪ እሴት ታክስን በድኅረ ምረቃ ደረጃ ስለ ማጥናት

በዚህ እትም የአንባቢያን ጥያቄና መልስ አምድ ከአዲስ አበባ ዳርቻ የደረሱንን አራት ደብዳቤዎች በአንድነት እናስተናግዳለን። ጸሐፊዎቹ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ቢሆኑም ሁሉም የሚጠይቁት ስለ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሕግ ትምህርት ነው። እኔም ይህን ሕግ ለዓመታት ያስተማርሁ በመሆኔ ጥያቄዎቹን በደስታ ተቀብያቸዋለሁ፤ የመጀመሪያው ደብዳቤ መልስ ከሌሎቹ ቢረዝም ለቀሪዎቹም መሠረት ስለሚሆን ነው።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲሆን በአቃቂ ቃሊቲ ብሎኬትና የሲሚንቶ ውጤቶችን በሚያመርት ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ስድስት ዓመት አገልግያለሁ። በሒሳብ አያያዝ ከተመረቅሁ በኋላ በማታው መርሐ ግብር ሕግ ተምሬ ባለፈው ዓመት ጨርሻለሁ። አሁን በታክስ ሕግ፣ በተለይም በተጨማሪ እሴት ታክስ ላይ ሁለተኛ ዲግሪ መሥራት እፈልጋለሁ። ባልደረቦቼ ግን «በየወሩ የምትሞዪውን ቅጽ ሁለት ዓመት ተቀምጠሽ ምን ልትማሪበት ነው?» ይሉኛል። አንድ ወዳጄ ደግሞ ማስተርሱን ትቼ በኢንተርኔት የሚሰጥ የህንድ የዕቃዎችና አገልግሎቶች ታክስ ዲፕሎማ እንድወስድ ይመክረኛል። እርስዎ ምን ይሉኛል?

መልስ፦ የባልደረቦችዎ ጥያቄ በቁም ነገር ሊመለስ የሚገባው ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ። በየወሩ የሚሞሉት ቅጽ የሚጠይቅዎ ስንት ብር እንደሚከፈል ነው። ድርጅትዎ በአንድ ወር ውስጥ በ100,000 ብር ሲሚንቶ ቢገዛ በ15 በመቶ ስሌት 15,000 ብር ታክስ ለሻጩ ይከፍላል፤ በዚያው ወር በ160,000 ብር ብሎኬት ቢሸጥ ከገዢዎቹ 24,000 ብር ይሰበስባል፤ ከዚህ ላይ የከፈለውን አቀናንሶ 9,000 ብር ለመንግሥት ገቢ ያደርጋል። የቅጹ ሥራ በዚህ ያልቃል፤ የሕጉ ትምህርት ደግሞ ከዚሁ ይጀምራል። ብሎኬቱ በነሐሴ መጨረሻ ተጭኖ ክፍያው በመስከረም ቢፈጸም ታክሱ የየትኛው ወር ነው? ግማሹ በመንገድ ላይ ተሰባብሮ ዋጋው ቢቀነስ አስቀድሞ የተቆረጠው ደረሰኝ እንዴት ይታረማል? የድርጅቱ ባለቤት ከምርቱ ወስዶ የገዛ ቤቱን አጥር ቢሠራበት ሽያጭ ተካሂዷል ሊባል ይችላል? ሲሚንቶውን የሸጠው ነጋዴ ከእናንተ የተቀበለውን 15,000 ብር ለመንግሥት ሳያስገባ ቢሰወርስ፣ እናንተ ያንን ገንዘብ የማቀናነስ መብታችሁን ታጣላችሁ? እነዚህን ጥያቄዎች እርስዎ በስድስት ዓመት ሥራዎ ሳያጋጥሙዎት አልቀሩም፤ ምናልባትም አለቃዎን ጠይቀው ወይም ወደ ታክስ ቅርንጫፍ ደውለው የተባሉትን ፈጽመው አልፈዋል። የድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚጠይቅዎ «የተባልሁት ለምን ትክክል ሆነ? ደግሞስ ትክክል ነውን?» ብለው ከአዋጁ፣ ከደንቡና ከፍርድ ቤት ውሳኔ መልስ እንዲያወጡ ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ተማሪዎቼ ዘወትር የሚሰናከሉበት ስለሆነ ጥቂት መዘግየት ይገባል። ሕጉ «ከታክስ ነፃ» የሚላቸው አቅርቦቶችና «በዜሮ መጣኔ ታክስ የሚከፈልባቸው» የሚላቸው አቅርቦቶች አሉ። በሁለቱም ገዢው በደረሰኙ ላይ የታክስ ብር ስለማያይ አንድ ይመስሉታል። በአካባቢዎ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት በ200,000 ብር ዴስክ ገዛ እንበል፤ 30,000 ብር ታክስ ይከፍላል። የትምህርት አገልግሎት ከታክስ ነፃ በመሆኑ ትምህርት ቤቱ ከተማሪዎች ታክስ አይሰበስብም፤ ስለማይሰበስብም የከፈለውን 30,000 ብር የሚያቀናንስበት ነገር የለውም። ያ ገንዘብ ወጪ ሆኖ በትምህርት ክፍያው ውስጥ ይገባል፤ ወላጅም ሳያውቀው ይከፍለዋል። በሰበታ አካባቢ አበባ አምርቶ ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት ግን በ200,000 ብር ማሸጊያ ቢገዛና 30,000 ብር ታክስ ቢከፍል፣ ወደ ውጭ የተላከ ዕቃ በዜሮ መጣኔ ታክስ የተከፈለበት ስለሚባል፣ 30,000 ብሩ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት አለው። እንግዲህ «ነፃ» የሚለው ደስ የሚያሰኝ ቃል በአቅራቢውና በመጨረሻው ተጠቃሚ ላይ ሸክም ሊጥል፣ «ዜሮ» የሚለው ባዶ የሚመስል ቃል ደግሞ ሙሉ እፎይታ ሊሰጥ ይችላል። ይህን ልዩነት በደንብ የተረዳ ሰው ከአዋጁ እኩሌታውን ተረድቷል ብዬ አምናለሁ።

የታክሱ ዋና ሐሳብ ይህ ማቀናነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በፈረንሳይ፣ የታክስ ባለሥልጣን በነበረው በሞሪስ ሎሬ ንድፍ ሥራ ላይ ሲውል የታሰበው፣ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቁጥር ታክስ በታክስ ላይ እንዳይደራረብ፣ እያንዳንዱ ነጋዴ በጨመረው እሴት ልክ ብቻ እንዲከፍል ነበር። በእኛ አገር የሽያጭ ታክስን ተክቶ በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ተደነገገና ከታኅሣሥ 1995 ዓ.ም. ጀምሮ ተሠራበት። አዋጁ በቁጥር 609/2001 እና በቁጥር 1157/2011 ከተሻሻለ በኋላ በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ተተክቷል። መጣኔው 15 በመቶ እንደሆነ ቀጥሏል፤ በግዴታ ለመመዝገብ የሚያበቃው ዓመታዊ የሽያጭ መጠን ግን መጀመሪያ 500,000 ብር፣ በኋላም 1 ሚሊዮን ብር ከነበረበት ወደ 2 ሚሊዮን ብር ከፍ ብሏል። በውጭ አገር ሆነው በኢንተርኔት አገልግሎት የሚሸጡ ድርጅቶችም በአዲሱ አዋጅ በግልጽ ተካተዋል።

ታዲያ የተሻረውን አዋጅ ማንበብ ለምን ያስፈልጋል ይሉ ይሆናል። በቀድሞው ሕግ ዘመን ከተደረጉ ግብይቶች የተነሡ ክርክሮች የሚዳኙት በቀድሞው ሕግ ነው፤ ከዚህም በላይ እስከ አሁን ከተሰጡት የፍርድ ቤት ትርጓሜዎች አብዛኞቹ የቆሙት በእርሱ ቃላት ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አዋጆች ጎን ለጎን ዘርግተው፣ የትኛው ቃል እንደተጨመረ፣ የትኛው እንደተነሣ፣ የትኛውም ሳይነካ እንዳለፈ በእጅዎ እየመዘገቡ እንዲያነቡ እመክርዎታለሁ። ለመጀመሪያው መንፈቅ ከዚህ የተሻለ ሥራ አላውቅም።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋው አንድ ነገር ማሳሰብ እፈልጋለሁ። ነጋሪት ጋዜጣ ሕጎቻችንን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ያትማል፤ ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በሁለቱ መካከል ልዩነት ሲኖር የበላይነት ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። የታክስ መማሪያ ጽሑፎች በብዛት በእንግሊዝኛ ስለሆኑ ተማሪዎቻችን የእንግሊዝኛውን ዐምድ ብቻ ማንበብ ለምደዋል። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ አድርጌ አንድ ሙሉ የክርክር ጽሑፍ በእንግሊዝኛው ሐረግ ላይ ከገነባሁ በኋላ፣ የአማርኛው ቃል ጠበብ ያለ ትርጉም እንዳለው በችሎት ፊት ሲነበብልኝ ሰምቻለሁ። የአማርኛውን ዐምድ አስቀድሞ ማንበብ፣ ቀጥሎ እንግሊዝኛውን ማመሳከር፣ ልዩነት ሲገኝ ደግሞ የረቂቁን ሐተታ ዘምክንያት መመልከት ልማድዎ ይሁን። ወጥ የሆነ የአማርኛ የታክስ መዝገበ ቃላት ገና በሚገባ ያልዳበረ በመሆኑ በዚህ በኩል የሚደክም ተመራማሪ ለአገሩ ትልቅ ሥራ ይሠራል።

አሁን ወደ ህንዱ ዲፕሎማ እንምጣ። ህንድ፣ አውስትራሊያ፣ ካናዳ፣ ኒውዚላንድና ሲንጋፖር የዕቃዎችና አገልግሎቶች ታክስ የሚሉት እኛ ተጨማሪ እሴት ታክስ የምንለው ነው፤ ስሙ ይለያይ እንጂ የማቀናነሱ አሠራር በመሠረቱ አንድ ነው። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 1986 ጀምሮ የዘረጋችው ሥርዓት ነፃ የሚደረጉትን አቅርቦቶች በጣም በማጥበቡ በዓለም ዙሪያ እንደ ምሳሌ ይጠቀሳል። የህንዱ ግን ለእኛ ለየት ያለ ትምህርት አለው፤ ምክንያቱም ህንድም እንደ እኛ ፌዴራላዊ አገር ነች።

እርስዎ ከሚኖሩበት ከቱሉ ዲምቱ ገላን ቅርብ ነው። ቱሉ ዲምቱ በአዲስ አበባ አስተዳደር፣ ገላን ደግሞ በኦሮሚያ ክልል በሸገር ከተማ ሥር ነው። ከገላን የተነሣ የብሎኬት መኪና ጥቂት ተጉዞ ቃሊቲ ሲደርስ የአስተዳደር ድንበር ተሻግሯል፤ ሆኖም ደረሰኙ ላይ የሚጻፈው ታክስ ያው አንድ የፌዴራል 15 በመቶ ነው። በህንድ ግን ይህ ጉዞ የታክሱን ዓይነት ይለውጠው ነበር። ሻጩና ገዢው በአንድ ክልል ውስጥ ከሆኑ ታክሱ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ለማዕከላዊው፣ አንዱ ለክልሉ መንግሥት ይታሰባል፤ ዕቃው የክልል ድንበር ከተሻገረ ደግሞ የተቀናጀ የሚባል ሦስተኛ ታክስ በማዕከል ተሰብስቦ ዕቃው ለሚደርስበት ክልል ድርሻው ይተላለፋል። ህንድ ለዚህ ሲባል ሕገ መንግሥቷን እ.ኤ.አ. በ2016 ለ101ኛ ጊዜ አሻሽላ፣ የማዕከሉና የክልሎቹ የገንዘብ ሚኒስትሮች የሚቀመጡበት ምክር ቤት አቋቁማ፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላዋለች። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2022 ሞሂት ሚነራልስ በሚባለው ጉዳይ የዚያ ምክር ቤት የውሳኔ ሐሳቦች ከፍ ያለ ክብደት ቢኖራቸውም ሕግ አውጪዎቹን እንደማያስገድዱ ወስኗል።

በእኛ አገር የተሄደው መንገድ ሌላ ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 96፣ 97 እና 98 ለፌዴራሉ፣ ለክልሎችና ለሁለቱ በጋራ የተሰጡትን የታክስ ሥልጣኖች ሲዘረዝር ተጨማሪ እሴት ታክስን በስሙ አልጠቀሰም። አንቀጽ 99 በስም ያልተጠቀሰ የታክስ ሥልጣን ሲያጋጥም የፌዴሬሽን ምክር ቤትና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲወስኑ ያዛል፤ ሥልጣኑም በዚሁ መንገድ ለፌዴራሉ መንግሥት ተሰጠ። የህንዱን ከእኛው ጋር ለማነጻጸር የሚያነብ ሰው ስለ ራሱ አገር ሕገ መንግሥት ጠለቅ ያለ ጥያቄ ይዞ ይመለሳል። ዲፕሎማው ግን በአብዛኛው የሚያስተምረው የህንድን ቅጾች፣ የህንድን መጣኔዎችና የህንድን የምዝገባ ሥርዓት ነው፤ መጣኔዎቹም ራሳቸው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 በሰፊው ተለውጠዋል። ይህ ዕውቀት በቃሊቲ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ፊት አያቆምዎትም። ስለዚህ ማስተርሱን ያስቀድሙ፤ የህንዱን ሕግ ለማነጻጸሪያ ከአዋጁና ከፍርድ ቤት ውሳኔዎቹ በቀጥታ ያንብቡ፤ ለዲፕሎማው የሚከፍሉትን ገንዘብ ለመጻሕፍትና ለቅጂ ያውሉት።

በተግባር በኩል፣ ወደ ድኅረ ምረቃ ለመግባት የሚሰጠውን በተለምዶ ጋት የሚባለውን አገር አቀፍ ፈተና ማለፍ እንዳለብዎ አይዘንጉ። ከማመልከትዎ በፊት ደግሞ የትምህርት ክፍሉን የኮርስ ዝርዝር ጠይቀው ይመልከቱ፤ ተጨማሪ እሴት ታክስ በጠቅላላ የታክስ ሕግ ኮርስ ውስጥ በሁለት ሳምንት የሚታለፍ ከሆነ ጥልቀቱን በመመረቂያ ጽሑፍዎ ራስዎ መፍጠር ይኖርብዎታል። ሒሳብንም ሕግንም አጣምረው የያዙ መሆንዎ ትልቅ ጸጋ ነው። በክርክር ላይ የምናጣው ቁጥሩን አንብቦ አንቀጹን የሚጠቅስ ሰው ነውና ባልደረቦችዎ ያሉት አያቀዝቅዝዎት።

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ለገጣፎ ሲሆን በአንድ የገቢዎች ቅርንጫፍ ውስጥ የታክስ ኦዲተር ነኝ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ በኢኮኖሚክስ ነው። የሕግ ዲግሪ ሳይኖረኝ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሕግን በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ማጥናት እችላለሁ?

መልስ፦ በሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የሕግ ማስተርስ በአብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪን በሕግ ይጠይቃል። ለእርስዎ የሚቀርበው መንገድ የታክስና የጉምሩክ አስተዳደር ትምህርት ነው፤ በዚህ ዘርፍ የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ለመንግሥት ሠራተኞች ሲያስተምር የቆየ ተቋም በመሆኑ፣ በሲኤምሲ በኩል ወደ ለገጣፎ ሲመላለሱም በመንገድዎ ላይ ስለሚገኝ፣ ገብተው መጠየቅ አይከብድዎትም። የትኛውንም ቢመርጡ ግን ሦስት ሕጎችን በግልዎ ሳያጠኑ አይግቡ፦ ሕገ መንግሥቱን፣ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008ን እና የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን። የመጨረሻውን ኦዲተሮች ብዙ ጊዜ ይዘልሉታል። አዋጁ የአስተዳደር ተቋማት የሚያወጧቸው መመሪያዎች የሚረቀቁበትን፣ የሚመዘገቡበትንና ለሕዝብ የሚደርሱበትን ሥርዓት የሚወስን ስለሆነ፣ በጠረጴዛዎ ላይ ያለው መመሪያ በአንድ ነጋዴ ላይ ግዴታ ለመጣል የሚያስችል ጉልበት እንዳለው ሊመዝኑ የሚችሉት ይህን ካወቁ በኋላ ነው። ጥሩ ኦዲተር የነጋዴውን መዝገብ በሚመረምርበት ጥንቃቄ የራሱንም ሥልጣን ይመረምራል፤ እርስዎም ትምህርቱን በዚህ መንፈስ ቢይዙት ለመሥሪያ ቤትዎ ይጠቅማሉ።

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከሰበታ ነው። በሕግ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ስሆን ኮርሶቼን ጨርሼ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለመምረጥ ተቸግሬአለሁ። «ተጨማሪ እሴት ታክስ በኢትዮጵያ፦ ተግዳሮቶችና መልካም ዕድሎች» የሚል ርእስ ባቀርብም አማካሪዬ አልተቀበሉልኝም። ምን ዓይነት ርእስ ይጠቁሙኛል?

መልስ፦ አማካሪዎ ርእሱን አለመቀበላቸው ትክክል ነው፤ ርእሱ ሁሉንም የሚያቅፍ በመሆኑ ምንም አይይዝም። ጥሩ ርእስ አንድ ሰው ፍርድ ቤት ቆሞ ሊጠይቀው የሚችል ጥያቄ ነው። ሦስት ልጠቁምዎ፤ ሁለቱን በአጭሩ፣ ሦስተኛውን በሰፊው።

አንደኛው ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት በሐራጅ ሲሸጡ ታክስ ይከፈልበታል ወይ የሚለው በቀድሞው አዋጅ ዘመን ብዙ ያከራከረ ጥያቄ ነው። የፋይናንስ አገልግሎት በዚያ አዋጅ ከታክስ ነፃ ቢሆንም የፋብሪካ ማሽን ወይም የንግድ ሕንፃ መሸጥ የፋይናንስ አገልግሎት ነው ማለት ይቻላል? ሻጩስ ባንኩ ነው ወይስ ተበዳሪው? ርእሱ በርካታ የተጻፈበት ስለሆነ ከመረጡት አዲሱ አዋጅ ያመጣውን ለውጥ በማሳየት ላይ ያተኩሩ። ሁለተኛው ከውጭ አገር በኢንተርኔት የሚቀርቡ አገልግሎቶች ናቸው። ሕጉ አቅራቢው እንዲመዘገብ ቢያዝዝም፣ ቢሮም ሠራተኛም እዚህ በሌለው ድርጅት ላይ ግዴታው በምን ይፈጸማል የሚለው ክፍት ጥያቄ ነው፤ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ስለ ዓለም አቀፍ ተጨማሪ እሴት ታክስ ያወጣው መመሪያ ጥሩ መነሻ ይሆንዎታል።

ሦስተኛውና እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወድደው የሐሰተኛ ደረሰኝ ጉዳይ ነው፤ ለመጀመሪያዋ ጠያቂያችን «ሻጩ ቢሰወርስ?» ብዬ ያነሣሁት ማለት ነው። አንድ ነጋዴ ዕቃ ገዝቶ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ ደረሰኝ ተቀብሎ፣ በደረሰኙ ላይ ያለውን ታክስ ያቀናንሳል። ከዓመታት በኋላ በኦዲት ወቅት ደረሰኙን የሰጠው ድርጅት በተመዘገበበት አድራሻ የሌለ ወይም የሰበሰበውን ታክስ ያላስገባ መሆኑ ይደረስበታል። ገዢው «እኔ ከፍያለሁ፤ የሻጩን ማንነት የመመርመር ሥልጣን የለኝም» ይላል፤ መንግሥት ደግሞ «ያልገባልኝን ገንዘብ ልመልስልህ አልችልም» ይላል። ሁለቱም የሚሉት እውነት አለው፤ ጉዳዩን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

የሌሎች አገሮች ሕግ ለዚህ የተለያየ መልስ ሰጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 ኪተል በሚባለው ጉዳይ፣ ገዢው ግብይቱ ከማጭበርበር ጋር የተያያዘ መሆኑን ያወቀ ወይም ሊያውቅ ይገባው የነበረ ከሆነ ብቻ የማቀናነስ መብቱን እንደሚያጣ ወሰነ፤ ስለዚህ ክርክሩ በገዢው ዕውቀትና ጥንቃቄ ላይ ያርፋል። የህንድ የ2017 ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 16 ታክሱ በሻጩ በኩል ለመንግሥት በእርግጥ ገቢ መደረጉን ለማቀናነስ መብት ቅድመ ሁኔታ አድርጎታል፤ በዚህም የሻጩ ጥፋት ለገዢው ይተርፋል። በእኛስ ሕግ? የአዋጁ ቃል ወደየትኛው ያዘነብላል? የታክስ ይግባኝ ኮሚሽንና ፍርድ ቤቶች ምን ዓይነት ማስረጃ ከገዢው ይጠብቃሉ? በሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የታተመ ደረሰኝና በእጅ የተጻፈ ደረሰኝ በማስረጃነት እኩል ይመዘናሉ? ክፍያው በባንክ መፈጸሙስ ለገዢው ቅን ልቦና ምን ያህል ይረዳል? እነዚህን በመቶ ገጽ ውስጥ በሥርዓት የሚመልስ ጽሑፍ በነጋዴውም በኦዲተሩም እጅ ይነበባል።

እኔ ወደ ገዢው ጥበቃ አደላለሁ፤ ታክሱን ከገዢው የሚሰበስበው ሻጭ ፈቃዱን ያገኘው ከመንግሥት ነውና አመኔታውን የፈጠረው መንግሥት የጉዳቱን ድርሻ ሊሸከም ይገባል ብዬ አምናለሁ። እርስዎ የተቃራኒውን ሐሳብ ቢይዙም ከልብ እቀበለዋለሁ፤ ዳኞችም የሚመዝኑት ሐሳቡን የተሸከመውን ምክንያት ነው።

ስለ ምንጭ አያያዝ አንድ ነገር ልጨምር። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በአዋጅ ቁጥር 454/1997 አስገዳጅ ከሆነ ወዲህ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶች ይከተሉታል፤ አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ሲተካም መርሑ ቀጥሏል። የውሳኔዎቹን ቅጾች (ጥራዞች) ሲያነቡ ማጠቃለያውን ብቻ አይጥቀሱ፤ የሥር ፍርድ ቤቶች ያረጋገጡትን ፍሬ ነገር ለይተው ይመዝግቡ። በታክስ ጉዳይ አንድ ውሳኔ ለሌላ ጉዳይ የሚሠራና የማይሠራ መሆኑ የሚታወቀው ከፍሬ ነገሩ ነው። ከሰበታ እስከ መሐል ከተማ ያለውን መንገድ አውቀዋለሁ፤ ወደ ቤተ መጻሕፍት በሚሄዱበት ቀን የሚፈልጉትን ቅጽና የመዝገብ ቁጥር አስቀድመው ጽፈው ቢይዙ ቀኑ በከንቱ አያልፍም።

ጥያቄ፦ እኔ በገላን ብሎኬት አምርቼ የምሸጥ ሰው ነኝ። ልጄ ሕግ ተምሮ ተመርቆ አሁን ደግሞ ሁለት ዓመት በታክስ ሕግ እማራለሁ ይለኛል። የማልከለክለው ቢሆንም ጥቅሙ አልታየኝም። ከመጀመሩ በፊትስ ምን ቢያደርግ ይጠቅመዋል? እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

መልስ፦ አባታችን፣ የልጅዎን ትምህርት እያሰቡ ስለጻፉልን እናመሰግናለን። ዲግሪው ብቻውን የጥብቅና ፈቃድ አያስገኝም፤ ፈቃዱ የራሱ ሕግና የራሱ መመዘኛ አለው። ይሁን እንጂ ታክስ በትክክል አልተወሰነብኝም የሚል ነጋዴ ቅሬታውን መጀመሪያ ለታክስ ባለሥልጣኑ፣ ቀጥሎ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን፣ ከዚያም ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ሲያቀርብ በእያንዳንዱ ደረጃ ቀነ ገደብ አለ፤ ቀኑን በማሳለፍ ወይም ማስረጃን በጊዜው ባለማቅረብ ብቻ ጥሩ ጉዳይ ይዘው የሚሸነፉ ብዙዎች ናቸው። ይህን መንገድ የሚያውቅ የሕግ ባለሙያ በድርጅቶች፣ በሒሳብ መርማሪዎች ዘንድና በራሱ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ይፈለጋል። እርስዎም ዓመታዊ ሽያጭዎ ወደ 2 ሚሊዮን ብር ሲጠጋ መቼ መመዝገብ እንዳለብዎ፣ ሳይመዘገቡ ቢቀሩ ምን እንደሚከተል የሚነግርዎ ሰው ከቤትዎ ያገኛሉ።

ከመጀመሩ በፊት ምን ያድርግ ላሉት፣ ከእርስዎ ከአባቱ የተሻለ መምህር ለጊዜው አያስፈልገውም። ያለፉትን ሦስት ወራት የሲሚንቶ፣ የአሸዋና የነዳጅ ግዢ ደረሰኞች ከነሽያጭ ጥራዙ ይስጡት። እያንዳንዱን ደረሰኝ አዋጅ ቁጥር 1341/2016ን በአማርኛው ዐምድ እያነበበ ይመርምር፦ ሻጩ የተመዘገበ ነው? የገዢው ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ተጽፏል? ዋጋውና ታክሱ ተለይተው ተቀምጠዋል? ታክስ የሌለበት ደረሰኝ ካገኘስ፣ ዕቃው ከታክስ ነፃ ስለሆነ ነው ወይስ ሻጩ ስላልተመዘገበ? መልስ ያጣላቸውን ለብቻ ይጻፋቸው፤ ትምህርት ቤት ሲገባም ያንኑ ወረቀት ይዞ ይግባ።